የላይኛው መንጋጋ ራጅ ላይ ሥሩ ተስቦ ይወጣል፤ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ (ጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ባለ ክሊኒክ የጥርስ ራጅ ማንሳት እየተማርኩ ነው። ፊልሙ በእጅ የሚታጠብ ነው፤ ሆልደር (ፊልም መያዣ) ስለሌለን ታካሚው በጣቱ ይይዘዋል። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ከልክ በላይ ይረዝማል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፊልሙ ነጣ ይላል። አንድ ታካሚ ላይ በታችኛው ሁለተኛ ፕሪሞላር (ከመንጋጋ ጥርሶች ፊት ያለው ጥርስ) ሥር ጫፍ ክብ ጥቁር ጥላ አለ፤ ጥርሱ ግን አልተቦረቦረም። የሥር ሕክምና ይጀመር?

መላሽ 1፦ እህቴ፣ ሥር የሚረዝመው ኮኑ (ጨረሩ የሚወጣበት ቱቦ) ወደ ታች የሚያዘነብልበት ዲግሪ ሲያንስ ነው፤ ሲበዛ ያጥራል። ጨረሩ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው በጥርሱም በፊልሙም ላይ ሳይሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ማዕዘን እኩል በሚከፍለው መስመር ላይ ነው። ለላይኛው መንጋጋ ጥርስ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቁልቁል ጀምሪ። መጀመሪያ ግን የላይኛው ጥርስ መንከሻ ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆኑን እዪ፤ ዲግሪው የሚሠራው ጭንቅላቱ እንደዚያ ሲቀመጥ ነው። ጥርሶቹ ተደራርበው ከወጡ ስህተቱ የጎን አቅጣጫው ላይ ነው።

መላሽ 2፦ ጣቱን አስወጪው! ጨረሩ ቀጥታ ያገኘዋል፤ ሲጫነውም ፊልሙ ይታጠፍና ሥሩን ይስበዋል። ሆልደር እስኪገዛ ፊልሙን በአርተሪ ፎርሴፕስ (የሚቆለፍ የሕክምና መቆንጠጫ) ይዛችሁ፣ ታካሚው እጀታውን ራሱ ይያዝ። አንቺ በፍጹም እንዳትይዢ። ከታካሚው ቢያንስ 2 ሜትር ራቂ፤ ከጨረሩ አቅጣጫ ከ90 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ጎን ቁሚ፣ ወይም ከግድግዳ ጀርባ።

መላሽ 3፦ የጠዋቱ ንጣት ከቀዘቀዘ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው የፊልም ማጠቢያ ፈሳሽ) ይመስለኛል። ቴርሞሜትር ክተቱበት። ብዙውን ጊዜ 20 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ፣ 22 ላይ 4 ደቂቃ ነው፤ የጠርሙሱ መመሪያ ግን ይቅደም። ከ16 በታች ሃይድሮኪኖን (በዴቨሎፐሩ ውስጥ ያለው ኬሚካል) መሥራት ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ያኔ ጊዜ ብትጨምሪም አይረዳም። የዴቨሎፐሩን ጋን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጪው። ከንጣቱ ጋር የዓሣ አጥንት የመሰለ ምልክት ካለ ፊልሙ ተገልብጦ ነው የተነሳው።

መላሽ 1፦ ስለ ጥላው፦ አትቸኩሉ፣ እዚያ ቦታ ላይ የአገጭ ነርቭ መውጫ ቀዳዳ አለ። በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው ቀጭን ነጭ መስመር ሳይቋረጥ ከታየ ጥርሱ ደህና ሳይሆን አይቀርም። የጥርሱ ነርቭ ሕያው መሆኑን በቅዝቃዜ ፈትሺው፣ ከጎረቤቱ ጥርስም ጋር አወዳድሪ፤ ይህ ጨረር የለበትም።

ጠያቂ፦ ካላረጋገጠስ?

መላሽ 1፦ ኮኑን በአግድም 20 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት አንቀሳቅሰሽ፣ ጨረሩ ከፊት በኩል እንዲመጣ አድርገሽ፣ አንድ ራጅ ድገሚ። ጥላው ከሥሩ ጫፍ ወደ ኋላ ከሸሸ ቀዳዳው ነው። ከጫፉ ካልተላቀቀ ለሐኪሙ አሳዪ።