የንስሐ ልጆቼን እንዴት ልያዛቸው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን አባቶቼ። ዘጌ ላይ የማገለግል ቄስ ነኝ። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጉናል፤ ዲያቆናቱ ለትምህርት ባሕር ዳር ስለገቡ ቅዳሜ በጀልባ ካልመጡ እንጨነቃለን። እሱስ በልመና ይሞላል።

የከበደኝ የንስሐ ልጆቼ ነገር ነው። በቀደም አንዲት እናት ቡና ከሚለቅሙበት ተነሥተው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው መስቀል ተሳለሙና «አባቴ፣ ልጄ ከተማ ከገባ ወዲህ ይቆርብ ይሆን?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ስደውልለት «በስልክ ልናዘዝ» ይለኛል። ያንን አልደፈርኩም፤ ልተወው ብልም እግዚአብሔር ነፍሱን ከእኔ ይጠይቀኛል።

ከተማ ላለ የንስሐ አባት የንስሐ ልጃችሁን በአደራ የሰጣችሁ፣ የተጣለ ሳይመስለው እንዴት ነገራችሁት? እባካችሁ ምከሩኝ፤ ፍልሰታ ሳይገባ ላነጋግረው አስቤያለሁ።