ጅማ ግቢ ውስጥ የቆመች የአባት ቮልስ፦ ከቀለሙ በፊት

ጥያቄ፣ ከዴንቨር

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? አባታችን ካረፉ በኋላ ቮልሳቸው ፈረንጅ አራዳ ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች ቀረች። ላይዋ ላይ ሸራ ጣል ተደርጎባታል። ሞተሯ ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል። ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶ እየላከ «ላሜራ ቤት ወስደን ቀለም እናስቀባት፣ ብር ላክ» ይለኛል። እዚህ ያለ ጓደኛዬ ደግሞ «በእሷ ከምትደክም የ60ዎቹን የፎርድ ሙስታንግ መኪና ግዛና አድሰህ ጅማ ላከው» አለኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ፣ ከኮሎምበስ

ወንድሜ፣ የአባታችሁን ነፍስ ይማር። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። መካኒክነት እንጀራዬ ነው። የአጎቴን ቮልስ እዚያው ጅማ ግቢያቸው ውስጥ ስለሠራኋት፣ ጥያቄህ ልቤን ነካው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

የሙስታንጉን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ቤት እንዳይገቡ ከልክሏል። ሙስታንግ ከወደድክ ግዛ፣ ጋራዥህ ውስጥ ሥራው፣ እዚያው ዴንቨር ንዳው። ደስ የሚል ሥራ ነው። የጅማዋ ግን ሊብሬና ታርጋ ያላት፣ አገሯ ላይ ያረጀች መኪና ናት። የምታስገባት ነገር የለም፣ ገብታለች።

አሁን ለወንድምህ ደውልና ለቀለም ብር እንደማትልክ ንገረው። እንዳይከፋው ምክንያቱንም አስረዳው። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ውጭ የምንኖር ሰዎች ብራችን የሚበላው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። እኛ የምናየው ፎቶ ነው፣ ፎቶ ላይ የሚያምረው ደግሞ ቀለም ነው። ስለዚህ የዛገው ላሜራ ላይ ስቱኮ ይለጠፋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ቀለም ይረጭበታል፣ ፎቶው ይላካል። አንድ ክረምት ሲያልፍ ቀለሙ ማበጥ ይጀምራል። በማውቀው ሰው ላይ ደርሷል። ከበሩ ስር ያበጠውን ቦታ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ስቱኮው ተገምሶ ወደቀ። ከስሩ ላሜራ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ። ለቀለሙ የከፈለው ብር እንዲሁ ቀረ።

ጅማ ደግሞ ለብረት ርኅራኄ የላትም። ዝናቡን ታውቀዋለህ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ከበልጉ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ሰማዩ አይታመንም። ደረቅ የሚባሉት ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ናቸው። የብየዳውንና የላሜራውን ሥራ እነሱ ላይ አድርገው።

የመጀመሪያው ሥራ ሸራውን ማንሳት ነው። ነገሩ ግራ ይመስላል፣ ግን ሸራ ገላዋ ላይ ሲለጠፍ ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ጠዋት ሸራውን ገልጠህ ብታይ ከውስጥ በኩል ውሃ ተንጠልጥሎበት ታገኘዋለህ። ይልቅ አራት ቋሚ ይተከልና ከላይ ቆርቆሮ ይመታበት። ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ንፋስ ይለፍበት። ከዚያ በክሪክ ትነሳና አራት ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ላይ ትቀመጥ። ጅማ ላይ እንጨት አይቸግርም። ይህ ሁሉ ከቀለሙ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ መኪናዋን ግን ያቆያታል።

ቀጥሎ ወንድምህ ፎቶ ያንሳልህ። ከውጭ ሳይሆን ከውስጥና ከስር። የኋላውን ወንበር ያንሳው። በቀኝ በኩል ባትሪው አለ። ቮልስ ላይ ዝገት ቤቱን የሚሠራው ከባትሪው ስር ነው፤ አሲዱ ይንጠባጠባል፣ ወለሉን ይበላዋል። ካቻቢቴ ይዞ ወለሉን ጫን ጫን ያድርገው። ደህና ብረት ድምፅ ይሰጣል፣ የሞተው ዝም ብሎ ይበሳል። እዚያው ወንበሩ ስር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ከፍ ያለ ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። በጨርቅ ጠርጎ ያንሳውና ከሊብሬው ጋር ያመሳክረው። ላሜራ ሠራተኛው ግራይንደሩን ወደዚያ እንዳያስጠጋ ከአሁኑ ይነገረው። ያ ቁጥር ከጠፋ መኪናዋ በወረቀት የለችም።

ከበሮቹ ስር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ባዶ የብረት ሳጥን አለ፣ ግራና ቀኝ። የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያመጣው እሱ ነው። ዋናው ሥራው ግን ገላዋን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ይህ ሳጥን ከተበላ መቀየር አለበት። እዚህ ጋ ብዙ መኪና ተበላሽቷል፤ በያጁ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል፣ ገላዋ መሃሏ ላይ ትጎብጣለች፣ ከዚያ በሩ አልገጥም ይላል። ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍተት ውስጥ ብረት በአግድም ይበየድ፣ ልኩ ይያዝ። አዲሱ ሳጥን ገብቶ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ ከታየ በኋላ ነው የሚነሳው። ይህን ለሠራተኛው በስልክ ብትነግረው «እሺ» ይልሃል። የኔ ምክር፣ የዓመት ፈቃድህን ለዚህ ሥራ አቆየውና ራስህ አጠገቡ ቁም።

ሞተሩ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ማንም በባትሪ ሊያስነሳው አይሞክር፣ ለአንዴ እንኳ። አራቱ ካንዴላዎች ይውጡ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ይግባና ጥቂት ቀን ይቆይ። ከዚያ ፑሌጃው፣ ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ በቁልፍ ቀስ ተደርጎ ይዙር። ከዞረ ደስ ይበልህ። ካልዞረ አይገደድ፣ ዘይት ይጨመርለትና ይጠበቅ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። አሮጌው ዘይት ይፍሰስ። ማጣሪያዋ እንደ ዘመኑ መኪና አይደለም፣ ከስር ያለች ወንፊት ናት። ትውጣ፣ በነጭ ጋዝ ትታጠብ። አዲስ 2.5 ሊትር ይበቃታል። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ነው የሚለካው፣ በአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው።

ራዲያተር የላትም፣ የሚያቀዘቅዛት ንፋስ ነው። ዓመታት የቆመች መኪና ንፋሱ በሚያልፍበት ላሜራ ውስጥ አይጥ ቤት ሠርታ ትገኛለች። የአጎቴ ውስጥ የጆንያ ክር፣ ገለባና የዶሮ ላባ ተጠቅጥቆበት ነበር። ከውጭ ምንም አይታይም። ያ ሳይጸዳ ሞተሩ ቢነሳ ሲሊንደሩ ይቃጠላል፣ በተለይ ሦስተኛው። በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከሱ በላይ ስለሚቆም፣ የሚደርሰው ንፋስ ድሮም ያነሰ ነው።

የቤንዚን ቱቦዎቹን ሳትቀይር ሞተር እንዳታስነሳ፣ ይህን አደራ እልሃለሁ። ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የቮልስ የሞተር ገላ ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም። ከኋላ ወንበር ስር ደግሞ የባትሪው ክዳን መኖሩን እይ። ክዳን ከሌለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ባትሪውን ይነካል፣ ከወንበሩ ውስጥ ያለው ቃጫ መሰል መሙያ ይቀጣጠላል። ብዙ ቮልስ በዚህ ተቃጥሏል።

ፍሬኑ ላይ ቁጠባ የለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ጅማ ላይ ዓመታት የቆመ ዘይት ደግሞ ውሃ ጠጥቷል። ዋናው ፓምፕ፣ ጎማዎቹ ላይ ያሉት ትናንሽ ፓምፖችና አራቱ የፍሬን ዘይት ቱቦዎች በሙሉ ይቀየሩ። እያንዳንዱ ጎማ እየወጣ የፍሬኑ ሸራ ይታይ። ይህ ሳያልቅ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ፣ ለሠፈር እንኳ።

ከቶሮንቶ

ሰላም ወንድሞቼ። ጥሩ ምክር ነው። ግን ጅማ ላይ ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ይገኛል ወይ? ለምን አዲስ አበባ አትወሰድም? ደግሞ ሊብሬው በአባት ስም ነው። እኛ ቤት የወረቀቱ ነገር ወንድማማቾችን አኳርፏል።

መልስ፣ ከኮሎምበስ

እህቴ፣ ሁለቱም ጥያቄ የሚገባ ነው።

አዲስ አበባ ብትወሰድ ጭነት አለ፣ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ያም ይሁን። ትልቁ ጣጣ ከዚያ በኋላ ማን ይቆምላታል የሚለው ነው። ቤተሰቡ ጅማ ነው፣ መኪናዋ የሰው ጋራዥ ጥግ ላይ ትረሳለች፣ ዕቃዋ እየተፈታ ይሄዳል። ጅማ ላይ ግን ወንድም ጠዋት ጠዋት ያያታል። ቮልስ ሲሠሩ ያደጉ ሽማግሌ መካኒኮች አሁንም አሉ፣ እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ ጠይቁ። ብዙዎቹ ጡረታ ላይ ናቸው፣ ግን ቮልስ ስትላቸው ፊታቸው ይበራል። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይምራ፣ ወጣቱ ይፍታ። እንዲህ ሲሆን ወጣቱም ሙያ ይይዛል። ለእኔ ትልቁ ደስታ ይህ ነበር። አጎቴ ግቢ የመጣው ልጅ ቮልስ ፈትቶ አያውቅም ነበር፣ ዛሬ ካርቡሬተር ብቻውን ያወርዳል። ለሽማግሌው በክብር ይከፈል፣ ሻይ ጠጥተው እንዲሄዱ ብቻ አይሁን።

ለወንበሩ ልብስ የትም አትሂዱ። የጅማ የወንበርና የሶፋ ሠራተኛ እጁ የታወቀ ነው። አሮጌው ልብስ ሳይቀደድ በጥንቃቄ ይውጣና እንደ ልክ ይጠቀሙበት።

ክፍያው በየደረጃው ይሁን። ለወለሉ ይህን ያህል፣ ለፍሬኑ ይህን ያህል ተብሎ በወረቀት ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ብሩ የሚላከው የተሠራው በቪዲዮ ከታየ በኋላ ነው። ቪዲዮውም ስቱኮ ከመለጠፉ በፊት፣ ብረቱ ራቁቱን ሳለ ይሁን። ሠራተኛው በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም ጎበዙ ሥራውን ማሳየት ይወዳል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የእህታችን ነገር እውነት ነው። አንድ ብር ሳይወጣ ወራሾች ይሰብሰቡ። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይውጣ፣ መኪናዋ በማን ስም እንደምትዞር ይስማሙ፣ ስምምነቱ ይጻፍ። አንተ እዚያ መገኘት ካልቻልክ ኤምባሲ ሄደህ ለምታምነው ሰው ውክልና ስጥ። ያደሳት ሰው ብቻውን ባለቤት እንደሆነ ማሰብ ይጀምራል፣ ሌላው ደግሞ «የአባቴ ናት» ይላል፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ቃሉ ከሳቸው ይጀምር። ምርመራ አልፋ ቦሎ እስክትለጥፍ ድረስም መንገድ ላይ አትውጣ።

ከዴንቨር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እናታችን አሉ፣ እሁድ እደውልላቸዋለሁ። ለወንድሜም ነግሬዋለሁ፣ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ የቆርቆሮውን ነገር ሲሰማ ግን ደስ አለው። ዕቃውን ከየት ልግዛ? በሻንጣ ይሄዳል?

መልስ፣ ከኮሎምበስ

የቮልስ ጥሩነቱ ይህ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፣ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ትመረት ነበር። ስለዚህ ዕቃዋ አሁንም አዲስ ሆኖ ይሸጣል፣ አሜሪካ ደግሞ እንደልብ ነው። የፍሬን ፓምፖች፣ የፍሬንና የቤንዚን ቱቦዎች፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ብረቶች መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ)፣ የሞተር ቺንጋ፣ የበርና የመስታወት ጎማ በአንድ 23 ኪሎ ሻንጣ ይገባሉ። ቺንጋው ሁለት ይሁን። ያ ቺንጋ ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውንም ያዞራል፣ ጊቤ በረሃ ላይ ቢበጠስ ወዲያው መቆም ነው። የወለሉ ላሜራ ትልቅ ስለሆነ በጭነት ይሂድ፣ ወይም እዚያው ይቀጥቀጥ። ስፕሬይ ቀለምና ቤንዚን የነካው አሮጌ ካርቡሬተር ግን አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ አትሞክረው።

የካርቡሬተሩን ትንሽ ቀዳዳ፣ ጄቱን ማለቴ ነው፣ ከመደበኛው አነስ ያለም ጨምረህ ግዛ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል፣ በመደበኛው ጄት ቤንዚን ይበዛባትና ካንዴላው ይጠቁራል። ዴንቨር ስለሆንክ የዚያ መካኒኮች ይህን በደንብ ያውቁታል፣ ጠይቃቸው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ዘመኗን እንወቅ። የድሮዎቹ 6 ቮልት ናቸው፣ የኋላዎቹ 12። ቸርኬው ላይ 5 ብሎን ካለ ብዙውን ጊዜ የድሮዋ ናት፣ 4 ከሆነ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለችው። ፍሬኑም በዚያው ይለያያል። ወንድምህ የጎማውን ብሎን፣ የባትሪውን ጽሑፍና የሻንሲ ቁጥሩን አንስቶ ይላክልህ። ወደ እኔ አስተላልፍልኝና የምትገዛውን ዝርዝር ጽፌ እልክልሃለሁ።