ሥነ ልሳንን ማይነር ባደርግ ይሻለኛል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ማይነር፣ ማለትም ከዋናው ጎን የምንማረው ሁለተኛ የትምህርት ዘርፍ፣ ምረጡ ተብለናል። ጓደኞቼ ማኔጅመንት ወይ ኢኮኖሚክስ እያሉ ነው፣ የኔ ልብ ግን ሥነ ልሳን (የቋንቋ ጥናት) ላይ ነው። ለአባቴ ስነግረው «አማርኛ መቼ አጣህና ነው ደግሞ ቋንቋ የምትማረው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የተማራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ይከብዳል? ለሥራስ ይጠቅማል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ የኔ ሜጀር ጋዜጠኝነት ነበር፣ ማይነሬ ሥነ ልሳን። አዲስ ቋንቋ አያስተምሩህም፣ የምታውቀውን ፈታትተህ እንድታየው ነው የሚያደርጉህ። መጀመሪያ ክፍል የገባን ቀን እጃችንን ጉሮሯችን ላይ አድርገን «ዝዝዝ» ከዚያ «ስስስ» በሉ ተባልን። በ«ዝ» ጉሮሮህ ይነዝራል፣ በ«ስ» ጸጥ ይላል። ምላስህና ጥርስህ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም! ዕድሜ ልኬን ስናገር ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። እዚያው ወደድኩት።

መልስ 2
ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆንክማ አታመንታ። የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ስንሠራ «ገና» አስቸገረን። ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፣ ማሽኑ ግን የሚያስተምረው ይፈልጋል። «ስላልነገርኳቸው»ንም እየው፦ ስለ፣ አል፣ ነገር፣ ኩ፣ አቸው። አምስት ነገር በአንድ ቃል! ይህን መበተን የማያውቅ ሰው ለአማርኛ ደህና የፊደል ማረሚያ ሊሠራ አይችልም። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ነው በየማታው ያነበብኩት፣ ያኔ ብማረው ኖሮ እላለሁ።

መልስ 3
ሁሉም ትክክል ነው፣ ግን ፕሮግራሙን አስቀድመህ አጣራ። እኛ ጋ የሥነ ድምፅ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ ከላብራቶሪ ሰዓቴ ጋር ተጋጭቶብኝ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ። የዐረፍተ ነገር አወቃቀሩም ቀላል አይደለም፣ የመጽሐፎቹ ምሳሌ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ ራስህ ቋንቋ ማምጣት ያንተ ሥራ ነው። ደስ የሚለው ግን ከሰማንያ በላይ ቋንቋ ባለበት አገር ነው የምትማረው፣ ዶርምህ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። እኔ ሲዳምኛ ከሚናገር የዶርም ልጅ ጋር ቃላት ስሰበስብ ከረምኩ። እንደ አማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የቋንቋ ቤተሰባቸው ግን ይለያያል፤ ሲዳምኛ ኩሻዊ ነው፣ አማርኛ ሴማዊ፣ ጉርብትናው ነው ያመሳሰላቸው።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ፕሮግራሙን ጠይቄ እሞላለሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ አባቴን እጁን ጉሮሮው ላይ አስደርጌ «ዝዝዝ» አስብለዋለሁ።