የአያቴን ክራር ከድሮ የትራከር ፋይል ውስጥ ለብቻው ማውጣት እንዴት ነው?

የከዚራዋ፦
ሰላም የሰፈር ልጆች፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። ወንድሜ ድሮ በትራከር ሙዚቃ ይሰራ ነበር፣ ያ ፊደልና ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ሚጫወተው። አያታችን ግቢያችን ዛፉ ስር ቁጭ ብለው ክራራቸውን አንድ አንድ ክር እየመቱለት ቀድቷቸዋል። አሁን አያታችን የሉም። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለና የቀዳው ሁሉ አብሮ ጠፋ፣ የተረፈችው ፍላሽ ላይ ያለች አንዲት ኤክስኤም (የትራከር ዘፈን ሚቀመጥበት) ፋይል ብቻ ናት። ወንድሜ መርከብ ላይ ስለሚሰራ ቶሎ አይገኝም። ኦፕን ኤምፒቲ ሚባለውን የትራከር ፕሮግራም አውርጄ ከፈትኳት፣ ትጫወታለች፣ ግን ከበሮው ቤዙ ሁሉ አብሮ ነው። እኔ ምፈልገው ክራሩን ብቻ ነው። ይወጣል ወይስ ተስፋ ልቁረጥ?

ጀጎል_ቢት፦
አቦ አብሽሪ እህቴ ይወጣል! ኤምፒስሪ ቢሆን ኖሮ ሁሉም አንድ ላይ ተቦክቶ ስለሆነ ሚቀመጠው ያስቸግርሽ ነበር፣ ትራከር ግን የተቀዳው ድምፅ (ሳምፕል ሚሉት) ለብቻው፣ "መቼ በየትኛው ኖታ ይመታ" ሚለው ትእዛዝ ለብቻው ነው ፋይሉ ውስጥ ያለው። ሳምፕልስ ሚለውን ታብ ክፈቺና ከዝርዝሩ አንድ በአንድ እየመረጥሽ እይ። ሞገዱን አይተሽ ራሱ ትለይዋለሽ፣ ክራር ሲመታ መጀመሪያው ላይ ወፍሮ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይቀጥናል፣ ከበሮ ግን ወዲያው ነው ሚያልቀው። የማጫወቻዋን ምልክት ስትነኪ ለብቻው ይሰማል፣ ኪቦርዱ ላይ ፊደል ስትጫኚም በተለያየ ኖታ ይጫወትልሻል። ከዛ ሴቭ ብለሽ ዋቭ፣ ማለትም ተራ የድምፅ ፋይል፣ አድርጊው። ኤክስኤም ላይ አንድ ኢንስትሩመንት እስከ 16 ሳምፕል ስለሚይዝ ወንድምሽ ስድስቱን ክር አንድ ኢንስትሩመንት ውስጥ ከቷቸው ይሆናል፣ እንደዛ ከሆነ ኢንስትሩመንትስ ታብ ላይ ገብተሽ በኤክስአይም (የኢንስትሩመንት ፋይል ነው) ሴቭ አድርጊው፣ የትኛው ክር ለየትኛው ኖታ እንደተመደበ አብሮ ይቀመጥልሻል።

ኮኔል_84፦
ከሁሉ በፊት ፋይሏን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊያት!! ፍላሽ አይታመንም። ሌላው፣ ድምፁ ሽሽሽ ካለሽ 8 ቢት ተደርጎ ሊሆን ይችላል፣ 8 ቢት ማለት የድምፁ ከፍታ በ256 ደረጃ ብቻ ነው ሚጻፈው፣ ሽሽታው ከዛ ነው። ኖይዝ ላጽዳ ካልሽ ኮፒው ላይ ሞክሪ እንጂ የመጀመሪያውን እንዳትነኪው።

የከዚራዋ፦
ተባረኩ! ስድስቱንም አገኘኋቸው፣ 16 ቢት ናቸው። ግን ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። ትራከሩ ላይ ፊደሉን እስክለቅ ድረስ ሚቀጥለው ድምፅ ስልኬ ላይ ሳጫውተው ወዲያው ያልቃል፣ ስድስተኛው ላይ ደሞ መጨረሻው ላይ ትራከሩ ላይ የሌለ የሆነ ነገር ይሰማል በጣም ዝቅ ያለ። ሁለተኛ የዋቮቹ ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ ሚለው ቁጥር) አንድ አይደለም፣ አንዱ 44895 ይላል ሌላው 43460። አበላሽቼው ይሆን?

ሳቢያን_ስቱዲዮ፦
ምንም አላበላሸሽም ልጄ። ሚቀጥለው ሉፕ ስላለው ነው፣ ሞገዱ ላይ ሁለት ቋሚ መስመር ታያለሽ፣ ትራከሩ እዛ ሲደርስ በሁለቱ መሀል ይመላለሳል እንጂ አያልፍም። ስልክሽ ሉፑን አያውቀውም፣ እስከ ጫፍ ሄዶ ያቆማል። ስለዚህ ስድስተኛው ላይ ከሉፑ በኋላ የተቀዳ ነገር አለ ማለት ነው፣ ሳይቆረጥ የቀረ። በሄድፎን ስሚው።

ሬቱን በደንብ ላስረዳሽ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ወንድምሽ ሁሉንም በ44100 ቀድቶ ይመስለኛል፣ ከዛ ክራሩ ከቤዙ ጋር እንዲገጥምለት እያንዳንዱን ክር በፋይንቲውን፣ ኖታን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው፣ ትንሽ ትንሽ ገፋው። ኤክስኤም ላይ አንድ ግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎኑ ያለው ርቀት) በ128 ስለሚከፈል በጣም በጥቂቱ መግፋት ይቻላል። ሴቭ ስታደርጊው ያ መግፋት ነው ሬት ሆኖ የተጻፈው፣ 44895 ያለው ወደ ላይ ተስቧል፣ 43460 ያለው ወደ ታች። ድምፁ ራሱ ግን አልተነካም። ስለዚህ ኦዳሲቲ ሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ክፈቺና በትራኩ ሜኑ ሬት ከሚለው ስድስቱንም 44100 አድርጊያቸው። ሪሳምፕል ሚለውን እንዳትነኪ፣ እሱ ሌላ ነው፣ የተሳበውን እንደተሳበ ነው ሚያስቀረው። ያኔ ምትሰሚው በፒያኖ የተስተካከለ ክራር አይደለም፣ አያትሽ በጆሯቸው የቃኙት ራሱ ነው። ትዝታም ይሁን አንቺሆዬ ቅኝታቸው እዛ ውስጥ አለ። እኔ ብሆን ሁለቱንም አስቀምጣለሁ፣ የሳቸውን ለብቻው ስም ሰጥቼ።

የከዚራዋ፦
ጋሼ እንዳሉኝ አደረግኩት። እማዬን ጠርቼ ስድስቱንም ተራ በተራ አሰማኋት፣ ሶስተኛው ላይ ስትደርስ "ይቺን ክር ሁሌ ዝቅ አድርጎ ነው ሚያስራት" አለች፣ እኔ ምንም ሳልላት። ወንድሜ በፋይንቲውን ወደ ላይ የሳባት እሷን ነበር።

ስድስተኛውን ድምፁን ከፍ አድርጌ በሄድፎን ሰማሁት። ክሩ ዝም ሲል ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፣ ከዛ አባባ "ቀዳኸው?" ይላሉ።

ለወንድሜ ልኬለታለሁ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይሰማዋል።