ልጅና አያት ይዞ የት ይታደር? ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይስ ሐዋሳ

ትምህርት ሊዘጋ ነው። ሰሞኑን ብቻ ሦስት ጓደኞቼ «ቤተሰቡን ይዘን የት እንሂድ?» ብለው ደወሉልኝ። ለሦስቱም ያልኩትን እዚሁ ልጻፈው።

እኛ ቤት ስድስት ነን። እኔና ባለቤቴ፣ የ4፣ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች፣ ከዚያ ደግሞ እማማ። እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጾም አይሽሩም። ስለዚህ ጥቆማዬ በእሳቸውና በልጆቹ ዓይን ነው። ጫጉላ ለሚወጣ ሰው ብዙም አይጠቅምም።

ቢሾፍቱ ለአንድ ሌሊት ይመቻል። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሿ ልጄ ሳያስመልሳት የምትደርስበት ብቸኛ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ኩሪፍቱ ሪዞርትን የማያውቅ የለም። የውሃ መዝናኛውም እዚያው ከተማ ስላለ ልጆች ቀኑን ሙሉ አይሰለቹም። መግቢያው ከክፍሉ ዋጋ ጋር መሆን አለመሆኑን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ጸጥታ ለሚወድ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያሉት ትናንሽ ሎጆች ይሻላሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች ጥንት እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ዳራቸው ገደል ነው። «ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ ክፍል» ማለት ብዙ ጊዜ ደረጃ ማለት ነው። እኛ ይህን የተማርነው በእማማ ጉልበት ነው። አንዱ ሎጅ (ስሙ ይቅር) በፎቶ ልብ የሚሰርቅ የቤተሰብ ክፍል አሳየን፤ ያዝን። ስንደርስ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ክፍሉ 64 ደረጃ ቆጠርኩ። እማማ አንዴ ወረዱ። ከዚያ «እኔን ከፈለጋችሁ እዚሁ ቅበሩኝ፣ አልወጣም» አሉ። ምግብ ቤቱ ያለው ደግሞ ከላይ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቁርሳቸውን በሳህን እያመላለስን አበላናቸው። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስለ ዋጋ አይደለም መጀመሪያ የምጠይቀው፤ ስለ ደረጃ ነው።

ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ የማያውቁት ሰዎች ቆሻሻ ይመስላቸዋል። አይደለም፣ ቀለሙ ነው። ቢልሃርዝያ (ከውሃ የሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ) የለበትም ተብሎ ስለሚታወቅ ሰው ሳይፈራ ይዋኝበታል። አሸዋው ለልጆች ገነት ነው። ሳባናን በመሳሰሉት ሪዞርቶች ልጅ ጠዋት ከወጣ ማታ ነው የሚገባው። ችግሩ ከግቢው ውጭ ምንም አለመኖሩ ነው። ምግቡ ባይጥማችሁ ሌላ ምግብ ቤት የለም፤ ልጅ ሌሊት ቢያተኩሰው ፋርማሲ ቅርብ አይደለም። ስለዚህ መድኃኒት ያዙ፣ ዋጋውንም ሦስቱን ምግብ ጨምሮ ጠይቁ። አልጋው ረክሶ ሂሳቡ ምግብ ላይ የሚቆለልበት ጊዜ አለ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ሐዋሳ ይበልጣል። 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እስከ ባቱ ፈጣን መንገዱ ስላለ እንደ ድሮው አያንገላታም። ዋናው ጥቅሙ ከተማ መሆኑ ነው። ክፍሉ ካልተመቻችሁ ወጥታችሁ ሌላ ትይዛላችሁ። ኃይሌ ሪዞርት አለ፣ ሌዊ አለ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ንጹሕ ፔንሲዮኖች አሉ። ኪሳችን ሲሳሳ እኛ ያደረግነው ይህን ነው፤ ፔንሲዮን አድረን ሪዞርት ዋና ብቻ ከፍለን ዋልን። ጠዋት አሞራ ገደል (የዓሣ ገበያው) ዓሣ፣ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ፣ መመለሻ ባጃጅ። እማማ ሳይቀሩ ወደዱት። ሐይቁ ውስጥ ግን ልጅ አታስገቡ። ቢልሃርዝያም ጉማሬም አለ። ወባም ስላለ አጎበር መኖሩን ጠይቁ።

አርባ ምንጭ ውብ ነው፤ ግን በሁለት ሌሊት አትሞክሩት፣ መንገዱ ይበላችኋል። ወንጪ ደግሞ ብርድ ነው። ክረምት ላይ አሮጊትና ሕፃን ይዞ አይኬድም።

አሁን ስለ ቀኑ። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በጾም ቀን የሪዞርት ቡፌ ፊት ተቀምጦ ሰላጣ እያነሱ ሙሉ ዋጋ መክፈል ያናድዳል። ጿሚ ካላችሁ ከሐምሌ 6 እስከ 30 ያለውን ያዙ፤ ያው ረቡዕና ዓርብ አይቀርም። በዚህ መሃል ሐዋሳን ያሰበ ሐምሌ 19ን ይጠንቀቅ። የገብርኤል ንግሥ ነው፤ አልጋ አይገኝም፣ ከተገኘም ዋጋው ሌላ ነው። ታኅሣሥ 19ም እንደዚያው። ቢሾፍቱ ደግሞ በኢሬቻ ሰሞን ይሞላል።

ዋጋ ስትጠይቁ «ፕላስ ፕላስ ነው?» በሉ። 10,000 ብር የተባለው ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በላዩ 15 በመቶ ቫት ሲደመርበት 12,650 ይሆናል። በሦስት ሌሊት ሲባዛ የአንድ ልጅ ዩኒፎርም ሄደ። ከእሁድ እስከ ሐሙስ የሚያድር ሰው ብዙ ቦታ ቅናሽ ያገኛል፤ እነሱ ካልተጠየቁ አይናገሩም። ልጅ በነጻ የሚያድርበት ዕድሜም ከቦታ ቦታ ይለያያል። «ተጨማሪ አልጋ» ሲሏችሁ ደግሞ አልጋ ነው ወይስ መሬት ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ? ጠይቁ። በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ከተገኙ ከአንድ ትልቅ የቤተሰብ ክፍል እነሱን እመርጣለሁ። እማማ በጊዜ ይተኛሉ፤ ልጆቹ አይተኙም።

ክፍሉን በስልክ ያዙ፤ የተስማማችሁትን ግን በቴሌግራም አጽፉ። ጠቅላላ ዋጋ፣ የክፍል ብዛት፣ ቁርስ፣ ብንሰርዝ ምን ይመለሳል የሚለው ሁሉ ይጻፍ። ቀብድ በቴሌብርም በባንክም ስትልኩ የሆቴሉ ስም ያለበት ሂሳብ ይሁን፤ ለግለሰብ አትላኩ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አጽፉ። የባለቤቴ እህት ከቨርጂንያ መጥታ ክፍሏን በኢንተርኔት ለጁላይ 10 ያዘች፤ እኛ በስልክ ለሐምሌ 10። ልዩነቱ አንድ ሳምንት ነው! እሷ ሐይቅ ዳር ብቻዋን፣ እኛ ቤታችን። መግቢያ ሰዓቱም እንዲሁ፤ 8 ሰዓት ሲሉ የኛ 8 መሆኑን አረጋግጡ። ከውጭ ዘመድ የሚመጣባችሁ ደግሞ ለውጭ ፓስፖርት የተለየ ዋጋ እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለው ይዞ ይምጣ።

ዘንድሮ እኛ ሐዋሳ ነን። ንግሡ ካለፈ በኋላ፣ ለሐምሌ 22፣ ምድር ላይ ሁለት ክፍል ይዤ ነበር። ትናንት ለእማማ ነገርኳቸው። «ሐዋሳ ድረስ ሄጄ የገብርኤል ዕለት ሳልሳለም?» አሉ። በቃ፣ ወደ 18 አዞርነው። እስካሁን አራት ቦታ ደውያለሁ፤ ሁሉም ሞልቷል። ደረጃ የሌለው ክፍል የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።