ምጣዱ አይሞቅም! ሳኦ ፓውሎ ያላችሁ ድረሱልኝ፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ሳኦ ፓውሎ ያለ ሰው ካለ ቶሎ ይመልስልኝ። ከአዲስ አበባ የመጣልኝ የኤሌክትሪክ ምጣድ አይሞቅም። ማለቴ ይሞቃል፣ ግን ለብ ብሎ ይቀራል። 40 ደቂቃ ጠበቅሁት። መጀመሪያ ያፈሰስኩት ሊጥ ዓይን ሳያወጣ ተለጥፎ ቀረ፣ በማንኪያ ፍቄ ነው ያነሳሁት። ነገ እንቁጣጣሽ ነው፣ ስምንት ሰው ጠርቻለሁ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ከባልዲው ሊወጣ ነው። ምጣዱን እናቴ ናት የላከችልኝ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሳይሰበር ነው የደረሰው። ቀይዋ መብራት በርታለች። መቀየሪያም ገዝቼ ነው የሰካሁት። ምን ላድርግ?

የእናት ልጅ፦
እንኳን አደረሰሽ እህቴ። ምጣዱ አዲስ ከሆነ አልተሟሸም ማለት ነው። ጎመን ዘር ፈልጊና አሟሽው። ሲግል ጎመን ዘሩን እየነሰነስሽ በጨርቅ እሺው፣ እስኪጠቁርና እስኪወዛ ድረስ። ያልተሟሸ ምጣድ ሁልጊዜ ይይዛል።

የፒያሳ ልጅ፦
እናቴ አሟሽታ፣ ሁለት ጊዜ ጋግራበት ነው የላከችው። ደግሞስ እንዲግል ነው እኮ ያቃተኝ!

ሀቅ ተናጋሪ፦
አትቆጪኝና እውነቱን ልንገርሽ። ምጣድ ተሸክሞ ደቡብ አሜሪካ መግባት ከመጀመሪያውም ስህተት ነው። ሰው የሄደበትን አገር ምግብ መልመድ አለበት። እዚያ ሩዝና ባቄላ በየሄድሽበት አለ፣ ረቡዕና ቅዳሜ በየምግብ ቤቱ ፌይዦአዳ ይቀርባል። ለእንግዶችሽ እሱን አቅርቢላቸው። ብራዚል 110 ነው፣ ምጣድሽ እዚያ አይሠራም፣ አለቀ።

ብራስ ሰፈር፦
ወንድሜ፣ ፌይዦአዳ እኮ የአሳማ ሥጋ ነው! ያውም ረቡዕ! ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ስምንት ሀበሻ ሰብስባ ይህንን ታቅርብ?

ቦነስ አይረስ፦
እኔ እዚህ ምጣዴን ከሻንጣ አውጥቼ እንደሰካሁት ነው የሠራው። የመሰኪያውን እግር ብቻ ነው ያስቀየርኩት። አንድ አውሮፕላን ነው ሁለታችንንም ያመጣን፣ አንቺ ሳኦ ፓውሎ ስትወርጂ እኔ ቀጠልኩ። እንዴት አንዱ ሠርቶ አንዱ እምቢ ይላል?

መምህሩ፦
ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። አርጀንቲናና ቺሊ እንደ አገራችን 220 ቮልት ናቸው። ሊማም 220 ነው። ብራዚል ግን ሁለት ዓይነት ናት። ብራዚሊያ፣ ሬሲፌና ፎርታሌዛ 220 ሲሆኑ ሳኦ ፓውሎ፣ ሪዮና ቤሎ ኦሪዞንቴ ሶኬታቸው 127 ነው። ስለዚህ «ብራዚል 110 ነው» ማለት ልክ አይደለም። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። መብራት በየከተማው የገባው በተለያየ ኩባንያ እጅ ነው። ሳኦ ፓውሎ ላይ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1899 ቶሮንቶ የተቋቋመ የካናዳ ኩባንያ ገባና በ1900 የኤሌክትሪክ ትራም አስጀመረ። ሌላው ከተማ ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ ማሽን፣ ሌላ ቮልት ሆነ። በ1964 መንግሥት ድግግሞሹን በሕግ 60 ኸርዝ አደረገው። ቮልቱ ግን እንደነበረ ቀረ፣ ምክንያቱም የእያንዳንዱን ቤት ዕቃ መቀየር…

የፒያሳ ልጅ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሊጡ እየገነፈለ ነው። ምን ላድርግ ነው ጥያቄዬ። እናቴን እንዳልጠይቃት ልትተኛ ነው። የእኔ ስልክ 4 ሰዓት ይላል፣ እዚያም ማታ 4 ሆኗል።

መምህሩ፦
ይቅርታ ልጄ። ሊጡን ፍሪጅ አስገቢው፣ መኮምጠጡን ያዘገየዋል። እስከ ነገ ጠዋት ምንም አይሆንም።

ሳኦ ፓውሎ 9 ዓመት፦
የፒያሳ ልጅ፣ አይዞሽ፣ ይህ እኔም ላይ ደርሷል። መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገሪኝ። ምጣዱ ጀርባ ላይ ስንት ዋት ይላል? መቀየሪያ ያልሽው ስንት ይመዝናል? መታጠቢያ ቤትሽ ያለው ሻወር በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ነው? ከሆነ ላዩ ላይ ስንት ቮልት ተጽፏል?

የፒያሳ ልጅ፦
3500 ዋት፣ 220 ቮልት። መቀየሪያው ትንሽ ነጭ ነገር ናት፣ 25 ደ ማርሱ ከሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ነው የገዛኋት፣ እጄ ውስጥ ትገባለች። ሻወሩ ምን አገባው?

ሳኦ ፓውሎ 9 ዓመት፦
ያገባዋል፣ አሁን ትረጂዋለሽ። በመጀመሪያ ያቺን ነጭ ነገር ንቀያት። የእግሩን ቅርጽ ነው የምትቀይረው እንጂ ቮልት አትቀይርም። ምጣድሽ 220 ይፈልጋል፣ ያገኘው 127 ነው። ይህ ደግሞ ሙቀቱን ግማሽ አያደርገውም፣ ከዚያም ያወርደዋል፣ አንድ ሦስተኛ ነው የሚቀረው። 3500 ዋት የነበረው 1170 ገደማ ሆኗል። ምጣዱ ሸክላ ነው፣ ሰፊ ነው፣ የሞቀውን ያህል ወደ ላይ ይተነፍሰዋል። ሌሊቱን ሙሉ ብትጠብቂውም ለብ እንዳለ ያድራል። ምጣድሽ አልተበላሸም፣ እናትሽም ጥሩ ዕቃ ነው የላከችልሽ።

አሁን ወደ ሻወሩ። ሳኦ ፓውሎ ሶኬቱ 127 ቢሆንም ብዙ ቤት ውስጥ 220 አለ። ሁለት ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለው ሽቦ) ይገባል፣ አንዱ ፌዝ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር 127 ይሰጣል፣ ሁለቱ ፌዞች እርስ በርስ 220 ይሰጣሉ። ብዙ ሻወር የሚሠራው በ220ው ነው። ስለዚህ ሻወርሽ ላይ 220 ከተጻፈ፣ ቤትሽ ውስጥ 220 አለ ማለት ነው፣ ወጥ ቤት አልደረሰም እንጂ። ቤትሽ ውስጥ ያለውን የማብሪያዎቹን ሳጥን ክፈቺና እይ። ሁለት እጁ አንድ ላይ የተያያዘ ማብሪያ (እነሱ ዲስዥንቶር ይሉታል) ካለ እሱ ነው።

ዲሲ ነዋሪ፦
ትራንስፎርመር ግዢ፣ በቃ። ለምን ታወሳስቡታላችሁ?

ብራስ ሰፈር፦
እኔ ከራሱ ከሻወሩ ላይ ነው ሽቦ የሳብኩት። ሻወር ቤቱ በር ላይ አስቀምጬ እጋግራለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም።

ሳኦ ፓውሎ 9 ዓመት፦
ብራስ ሰፈር፣ በፈጠረሽ ዛሬውኑ ንቀይው! ሁለት ዓመት ምንም አለመሆንሽ የእግዚአብሔር ጥበቃ ነው። ውሃ ባለበት፣ እግርሽ እርጥብ ሆኖ፣ የብረት አካል ያለው ምጣድ፣ ያውም ምድር ሽቦ ሳይኖረው። አንድ ቀን ልጅሽ ታጥቦ ሲወጣ ይነካዋል። እለምንሻለሁ።

ዲሲ፣ ትራንስፎርመሩን እኔም አስቤው ነበር። 3500 ዋት የሚችለው ከባድ ነው፣ ውድ ነው። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። በ127 በኩል 27 አምፔር ገደማ ይስባል። የብራዚል ሶኬት ትንሹ 10፣ ትልቁ 20 አምፔር ነው። ስለዚህ ትራንስፎርመሩን ብትገዢም የምትሰኪበት የለሽም።

የእናት ልጅ፦
ጎመን ዘር ከጠፋ በዘይትና በጨውም ይሞከራል። እኔ አሁንም አልተሟሸም ነው የምለው።

ዲሲ ነዋሪ፦
እሺ ትራንስፎርመሩ ይቅር፣ አልገባኝም ነበር። እኛ እዚህ ብዙዎቻችን የምንጋግርበት ኖርዌጂያኖች ለፍሴ የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ክብ መጋገሪያ ነው። በ120 ይሠራል፣ 1500 ዋት ገደማ ነው፣ ቀጭን ብረት ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ሰው ከዚህ ሲመጣ ማስያዝ ይቻላል። ለነገ ግን አይደርስም። በነገራችን ላይ ጤፍ ከየት አገኘሽ?

የፒያሳ ልጅ፦
5 ኪሎ ተልኮልኝ ነው፣ ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅዬዋለሁ። 9 ዓመት፣ አየሁት! ሻወሩ 5500 ዋት 220 ይላል። ሳጥኑ ውስጥም ሁለት እጅ ያለው አለ። አሁን ምን ልበል? ፖርቱጋልኛዬ ገበያ ላይ ነው የሚያበቃው።

ሳኦ ፓውሎ 9 ዓመት፦
እልል! ዋናው ነገር አለ ማለት ነው። ራስሽ እንዳትነኪው። ሕንፃ ውስጥ ከሆንሽ ወደ ዜላዶሩ ውረጂ፣ የሕንፃው ጠባቂ ማለቴ ነው። ኤሌትሪሲስታ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ) የማያውቅ ዜላዶር አላየሁም። ተከራይ ከሆንሽ ለአከራይሽም በጽሑፍ ንገሪ፣ ሶኬት መጨመር ነው፣ ለቤቱም ይጠቅማል። እንዲህ በይው፦ «ፕሬሲዙ ዴ ኡማ ቶማዳ ዱዜንቱስ ኢ ቪንቺ፣ ቪንቺ አምፔሪስ፣ ና ኮዚኛ»። ወጥ ቤት ውስጥ የ220፣ ባለ 20 አምፔር ሶኬት እፈልጋለሁ ማለት ነው።

ሲመጣ እነዚህን ተከታተይ። መስመሩ ለብቻው ከሳጥኑ ይነሳ፣ የራሱ ባለ ሁለት እጅ ማብሪያ ይኑረው። አንዳንዱ ባለሙያ ለመቸኮል ብሎ ያለውን ሶኬት ወደ 220 ይቀይርልሻል። በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅሽ ካለ ተቃጠለ ማለት ነው። ከሻወሩ መስመርም አይቀጥል፣ አንቺ ስትጋግሪ ሌላው ሲታጠብ ሽቦው ይግላል። ምጣድሽ 16 አምፔር ስለሚስብ የምጣዱን እግር ቆርጦ በብራዚል ባለ 20 አምፔር እግር ይቀይረው፣ ያቺ ነጭ ነገር በ220 ብትሰኪባት ትቀልጣለች። ምድር ሽቦ ይኑረው፣ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ጠይቂው። የመጨረሻው ደግሞ የብራዚል ሶኬት ለ127ም ለ220ም ቀዳዳው አንድ ነው። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ የጁስ መፍጫውን እዚያ ይሰካውና ይጨሳል። በቀይ ቀለም 220 ብለሽ ጻፊበት።

ዕቃውን ራስሽ ግዢ ካለሽ ሳንታ ኢፊጄኒያ መንገድ ሂጂ፣ የኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ እዚያ ነው። ሲመሽ ግን ስልክሽን በእጅሽ ይዘሽ እንዳትሄጂበት።

ሀቅ ተናጋሪ፦
ይህ ሁሉ ወጪ ለአንድ ቀን እንጀራ?

ቦነስ አይረስ፦
ለአንድ ቀን አይደለም እኮ። እኔ እዚህ ስመጣ የመጀመሪያው ዓመት እንጀራ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ ሰው ጠርቼ አላውቅም ነበር፣ ምን አቀርባለሁ ብዬ። ምጣዱ ከመጣ በኋላ ነው እሁድ እሁድ ሰው መሰብሰብ የጀመረው። አሁን ኮሎምቢያዊት ጎረቤቴ ሳትቀር ሽታው ሲመጣላት በር ታንኳኳለች። ምጣድ ያለበት ቤት ሰው አይጠፋበትም፣ ለዚያ ነው ልጅቱ የምትጨነቀው።

መምህሩ፦
እውነት ብለሻል።

ብራስ ሰፈር፦
9 ዓመት፣ ነቀልኩት። ልጄን ስታነሳብኝ ሆዴ ተላወሰ። የፒያሳ ልጅ፣ ባለሙያው ዛሬ ካልመጣልሽ ለነገ የሚሆን ነገር ልንገርሽ። ጋዝ ምድጃሽ ላይ ሰፋ ያለ የማይዝ መጥበሻ ጣጂ። ብራዚሎች ታፒዮካ የሚጋግሩበት ጠፍጣፋው አለ፣ ሱፐርማርኬት ሁሉ ይሸጣል። እሳቱን መጀመሪያ ከፍ፣ ሊጡ ዓይን ሲያወጣ ዝቅ አድርጊና ክደኚው። ዘይት እንዳትነኪው። እንጀራው ትንሽ ይሆናል፣ የልጆች እንጀራ ይመስላል፣ ግን ዓይን አለው። ስምንት ሰው ከሆነ 30 ያህል ጋግሪ። እኔም ሁለት መጥበሻ ይዤ ልመጣልሽ እችላለሁ፣ የት ሰፈር ነሽ? አደይም አታስቢ። ሰሞኑን ቢጫው ኢፔ አብቧል፣ ዛፉ ሥር የረገፈውን ለቅሜ ይዤ እመጣለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦
አልቅሼ ልሞት ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ቤላ ቪስታ ነኝ ብራስዬ፣ በውስጥ እጽፍልሻለሁ። ዜላዶሩ ወጥቶ አየው፣ ሳጥኑ ውስጥ ለአንድ ማብሪያ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ አለኝ፣ የሚያውቀው ሰው ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ሊጡን ፍሪጅ አስገብቼዋለሁ። እነግራችኋለሁ።

የእናት ልጅ፦
220 ካስገባሽ በኋላም ባይሆን አንዴ አሟሽው፣ አይጎዳውም።

ሳኦ ፓውሎ 9 ዓመት፦
መጣ? ሽቦው ስንት ውፍረት እንዳለው ጠይቂው፣ 4 ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን ደስ ይለኛል። እኔም የመጀመሪያውን እንጀራ ሳይ ነው የማምነው፣ ፎቶ ላኪ።

ዲሲ ነዋሪ፦
እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ጋገረች?

ቦነስ አይረስ፦
እኔም እየጠበቅሁ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ ይህን ሁሉ አንብቤ መጣሁ። የፒያሳ ልጅ፣ በመጨረሻ እንዴት ሆነ? እኔ ኩሪቲባ ነኝ፣ ምጣድ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣልኛል። የእኔ ሻወር ግን በጋዝ ነው የሚሞቀው፣ በሳጥኑም ውስጥ ሁለት እጅ ያለው ማብሪያ አላየሁም። 220 ቤቴ ውስጥ መኖሩን በምን ልወቅ?