ከጣርማ በር አፋፍ የዓለት ቅስት የማይታየው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን
በሰሜን ምሥራቅ ቻድ፣ በኤነዲ አምባ ስለሚገኘው አሎባ ስለተባለ የዓለት ቅስት አነበብሁ፤ ቁመቱ 120 ሜትር ገደማ፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 77 ሜትር ያህል ነው። እኔ ያደግሁት ገደል በማያጣው በሰሜን ሸዋ ሆኖ ሳለ አንድም ቅስት አለማየቴ ይገርመኛል። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ ይኖራል? በዚያ በረሃ ቅስቱን ጎረቤት ያደረጉት ሰዎችስ በምን ይኖራሉ?

መልስ፦ የጂኦሎጂ መምህር
ልዩነቱ ከድንጋዩ ነው። የጣርማ በር ገደል እየተደራረበ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዓለት ነው፤ ይህ ዓለት ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ስለሚሰነጠቅ፣ ሲናድም በቁሙ እየተገነጠለ ቀጥ ያለ ገደል ይተዋል። አሎባ ግን የአሸዋ ድንጋይ ነው። ስንጥቆቹን ውኃ እያሰፋቸው ቀጭን ግድግዳ ይቀራል፤ የግድግዳው ሥር በእርጥበትና በጨው ሲፈረፈር ደግሞ መስኮት ይከፈታል። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የቼክ ተመራማሪዎች በሙከራ እንዳሳዩት፣ ከላይ የሚጫነው ክብደት የአሸዋውን ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው፣ ሸክም ያለበት ክፍል ሲጸና ሸክም የሌለበት ይረግፋል።

መልስ፦ የመርሐቤቴ ልጅ
መምህሩ ባሉት ላይ ጥቂት ልጨምር። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ሲጓዝ ጀማን ለመሻገር የወረደ ሰው፣ ጥቁሩን ድንጋይ ከላይ ትቶ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ብሎም የኖራ ድንጋይ ያገኛል። ስለዚህ ጠያቂያችን ቅስት መፈለግ ያለባቸው ከአፋፉ ሳይሆን ከቆላው ነው፤ የሚጠይቁትም ሹፌር ሳይሆን ፍየል ጠባቂ ይሁን።

ስለ ሰዎቹ ደግሞ፣ ብዙዎቹ የኤነዲ ነዋሪዎች ግመልና ፍየል እያረቡ ከውኃ ወደ ውኃ የሚዘዋወሩ አርብቶ አደሮች ናቸው። ከሚጠጡባቸው የዓለት ኩሬዎች ስሙ የታወቀው አርሼይ ሲሆን፣ በመቶ የሚቆጠሩ ግመሎች በሚወርዱበት በዚያ ጠባብ ሸለቆ፣ ሰሃራ ለምለም ከነበረበት ዘመን የተረፉ ጥቂት አዞዎች ይገኛሉ። ዩኔስኮ ኤነዲን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመዘግብ በዓለቱ ላይ የተሳሉትንና የተቀረጹትን ምስሎችም ጭምር ቆጥሮ ነው።

መልስ፦ ሌላ አንባቢ
ቅስት ቢያገኙ አናቱ ላይ አይውጡ። በማልታ፣ በጎዞ ደሴት የነበረው ዝነኛ የባሕር ዳር ቅስት እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2017 በማዕበል ተንዶ ባሕር ገብቷል፤ በላዩ መራመድ አስቀድሞ የተከለከለ ነበር።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ጀማ እወርዳለሁ፤ የመርሐቤቴው ወንድሜ፣ የሚያውቁት ፍየል ጠባቂ ካለ ይጠቁሙኝ።